የዓሣ ዘይት፣ ዲክሎ እና የእናቴ ጨጓራ



ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ የዓሣ ዘይት የጨጓራን ግድግዳ ከአልሰር ይከላከላል ይባላል፤ እውነት ነው? ለእናቴ ልግዛላት?» ጥያቄው ከአዲስ አበባም ይመጣል፣ ከዱባይም ይመጣል፣ ከዋሽንግተንም ይመጣል። ለየብቻ መልሼ ስለማልዘልቀው እዚሁ በአንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። (ጨጓራ ያለባችሁ አትደንግጡ፣ ስለ ቡናውም እናወራለን።)

በቅድሚያ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ፣ 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። የምጽፈው ክፍል ውስጥ የማስተምረውን፣ ያነበብኩትን እና ቤታችን የደረሰውን ነው። መድኃኒት አላዝም፣ መድኃኒትም አላስቆምም።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ የዓሣ ዘይት መጥፎ ነገር አይደለም። የአልሰር መድኃኒት ግን አይደለም። ቸኩላችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ አብሮኝ ይቀጥል።

እኛ አገር «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። ተማሪ እንዲህ ሲለኝ «እንኳን አለብህ! ባይኖርህ ነበር የሚያስፈራው» እለውና ክፍሉ ይስቃል። ጨጓራ ሁላችንም አለን። እያወራን ያለነው የጨጓራ ግድግዳ ሲቆጣ (ጋስትራይተስ) ወይም ሲቆስል (አልሰር) ስለሚሆነው ነው። አልሰር ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይም ይወጣል።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጨጓራችን በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ጭማቂ ያመነጫል፤ ውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። የበላነውን ሥጋ የሚያሟሟ ነገር፣ ራሱ ሥጋ የሆነውን ጨጓራ ለምን አይበላውም?

መልሱ ምርጊት ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንጨቱን ከዝናብ የሚያድነው ምርጊቱ ነው፤ ምርጊቱ ደግሞ በየጊዜው ካልታደሰ ይረግፋል። የጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳም ሙከስ በሚባል ወፍራም ንፍጥ መሰል ነገር ተመርጓል። ልባሱ ውስጥ ባይካርቦኔት አለ፤ ወደ ግድግዳው የሚጠጋውን አሲድ ኃይሉን ያሳጣዋል። ከሥሩ ያሉት ሴሎችም በየጥቂት ቀኑ በአዲስ ይተካሉ። ይህ ሁሉ እንዲሠራ ደግሞ ደም በደንብ መድረስ አለበት።

ታዲያ ይህን ሥራ የሚያሠራ ፎርማን አለ። ስሙ ፕሮስታግላንዲን ይባላል። «ሙከስ ጨምሩ፣ ባይካርቦኔት አምጡ፣ ደም ይድረስ፣ አሲዱ ይቀነስ» እያለ የሚያዘው እሱ ነው። የሚሠራው ደግሞ ሴሎቻችን ልባስ ውስጥ ከሚገኝ ስብ ነው። ይቺን «ስብ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ የዓሣ ዘይት ወሬ የሚነሣው ከእሷ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ቬን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ አስፕሪን እንዴት እንደሚሠራ ደረሰበት። የፕሮስታግላንዲንን ምርት ያግዳል። ለዚህ ሥራው በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ግኝቱ ሌላም ነገር ገለጠ። ጉልበታችን ሲያብጥ ሕመሙን የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን እና ጨጓራችንን የሚያስመርገው ፕሮስታግላንዲን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን እና ሁላችንም «ዲክሎ» የምንለው ዳይክሎፌናክ የጉልበቱን ሲያባርሩ የጨጓራውንም ፎርማን አብረው ያባርሩታል። ምርጊቱ ይሳሳል። አሲዱ እንጨቱ ላይ ይደርሳል።

«እኔ እኮ በመርፌ ነው የምወስደው፤ ጨጓራዬን አይነካም» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ይነካል። መድኃኒቱ ፎርማኑን የሚያባርረው በደም ዞሮ ደርሶ ስለሆነ በአፍም ገባ በመርፌም ገባ መድረሱ አይቀርም።

ወደ ዓሣው እንምጣ። የዓሣ ዘይት ዝናው የጀመረው ከጨጓራ ሳይሆን ከልብ ነው። በ1970ዎቹ ባንግ እና ዳይርበርግ የሚባሉ ሁለት ዴንማርካውያን በግሪንላንድ የሚኖሩ፣ ዓሣና የባሕር እንስሳት የሚመገቡ ሰዎችን ደም መርምረው ኦሜጋ 3 የሚባለውን ስብ ለዓለም አስተዋወቁ። ዛሬ በሕክምና በደንብ የታወቀው ጥቅሙ፣ በሐኪም ትእዛዝ ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ መቀነሱ ነው።

ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ አሰቡ፦ ፕሮስታግላንዲን የሚሠራው ከስብ ከሆነ፣ ስቡን ብንቀይረውስ? አይጦችን የዓሣ ዘይት አበሉ፤ ቀጥለው ጨጓራ የሚያቆስል ነገር፣ ለምሳሌ አልኮል ወይም ኢንዶሜታሲን ሰጧቸው። ዘይቱን ቀድመው ያገኙት አይጦች ጨጓራቸው አነስ ያለ ቁስል የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ስለዚህ ወሬው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ሻጮቹ «ጥናት አለ» ሲሉ ልክ ናቸው። ያላሉት ግን ጥናቱ በአይጥ ላይ መሆኑን ነው።

ከአይጡ እስከ እናታችሁ ያለው መንገድ ሩቅ ነው። አንደኛ፣ የአይጡ ቁስል በሰዓታት ውስጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሰው አልሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት የኖረ ባክቴሪያ ወይም ለወራት የተወሰደ ዲክሎ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ ዓሣው ውስጥ ያለው ኢፒኤ የሚባለው ስብ፣ ዋናው የጨጓራ ፎርማን ከሚሠራበት ስብ ጋር ይሻማል። በወረቀት ላይ ስናሰላው ሊጠቅምም ይችላል፣ ጠባቂውን ሊያሳንስም ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚለየው በሰው ላይ የሚደረግ ጥንቁቅ ሙከራ ብቻ ነው፤ ሐኪሞች የአልሰር ሕክምና የሚሰጡበት መመሪያም የዓሣ ዘይትን ከመድኃኒቶቹ ተርታ አላስገባውም። ሦስተኛ፣ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት «1000 ሚሊ ግራም» ይላል። ጀርባው ላይ ግን ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ 300 ነው። የቀረው ሌላ ዘይት ነው።

እንዲያውም የዓሣ ዘይት አንዳንድ ሰው ላይ ማግሳት፣ ማቅለሽለሽ እና ቃር ያመጣል። ጨጓራውን ሊያስታግስ ገዝቶ ቃር የገዛ ሰው አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገኝ የእማዬ ነገር ነው። ታሪኳን እንድጽፍ ጠይቄያት «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፈው» ብላኛለች።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ገበያ ስትወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ውኃ ስትቀዳ የኖረችበት ጉልበት ነው። ሲብስባት ዲክሎ ትወጋለች። ጨጓራዋም ያቃጥላት ጀመርና ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ሰገራ ተመርምራ «ባክቴሪያ አለብዎት» ተባለች። የ14 ቀን መድኃኒት ተሰጣት፣ ሦስት ዓይነት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አፍ ያመርራል፤ ብረት የመላስ ያህል ነው። አምስተኛው ቀን ላይ እህል አልበላልሽ አላት።

በዚያው ሳምንት እህቴ ከዐረብ አገር በሰው እጅ ዕቃ ላከች። ሻል፣ ሻምፖ፣ ሁለት ብልቃጥ የዓሣ ዘይት። እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ከደመወዟ ቀንሳ ነው የገዛችው። የሸጠላት ሰው «የጨጓራን ግድግዳ ይሸፍናል፣ አልሰር አያስወጣም» ብሏታል፤ እሷም ይህንኑ በቮይስ ለእማዬ ላከችላት።

እስቲ ራሳችሁን በእማዬ ቦታ አድርጉ። በአንድ በኩል አፍ የሚያመርር፣ ጤና ጣቢያ የሰጣት ክኒን። በሌላ በኩል ልጇ ባሕር አሻግራ የላከችላት፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ ክኒን። የትኛውን ትመርጣላችሁ? እማዬ የመረረውን ትታ የሚያበራውን ያዘች። ዲክሎው ቀጠለ። እንዲያውም «አሁን የሚሸፍን አግኝቻለሁ» ብላ መርፌውን ሳትፈራ መወጋት ጀመረች።

ኅዳር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ራሷን ሳተች። ለካ ሳምንት ሙሉ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። ማን ይናገራል እንዲህ ያለ ነገር? አፍራ ዝም ብላለች። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «እማማ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲላት «ምንም» አለች። «ለጉልበትዎስ?» «እሱማ መርፌ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።» ሐኪሙ አልሳቀም። ብዙ ሰምቶታል መሰለኝ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራዋ ላይ የደማ ቁስል ተገኘ።

እህቴ በዚያው ሌሊት ደወለች። ለቅሶዋ ቃል አያሰማም። «እኔ ነኝ አይደል? እኔ በላክሁት ነው አይደል?» ትላለች ደጋግማ። ያኔ የመለስኩላትን ዛሬም እዚህ እደግመዋለሁ፤ እሷም ታነበዋለች፣ እንደ እሷ የላካችሁም ታነቡታላችሁ።

የአንቺ ዘይት አላደማትም። የደማችው በዲክሎውና በባክቴሪያው ነው። ዘይቱ የመድኃኒቱን ወንበር ይዞ መቀመጡ ነው ጉዳቱ። ያንን ወንበር ያስያዘው ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ የሸጠልሽ ሰው ወሬ ነው።

ስለ ባክቴሪያው ትንሽ ልበል፤ ታሪኩ ደስ ይላል። ድሮ ሐኪሞች አልሰር የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከቅመም እና ከአሲድ ብዛት ነው ብለው ያምኑ ነበር። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል ሐኪም በ1979 ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አየ። «አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም» ተባለ። ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም አብሮት ሊያሳድገው ቢሞክር ቢሞክር እምቢ አለ። በ1982 የፈረንጆቹ ፋሲካ በዓል ደረሰና ናሙናው ከተለመደው ቀን በላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ቆየ። ከበዓል ሲመለሱ በቅሎ ጠበቃቸው! ለካ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ የሚያድግ ኖሯል። አሁንም የሚያምን ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማስታወክ ጀመረ፣ ጨጓራውም መቆጣቱ በምርመራ ታየ። ሁለቱም በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ኤች ፓይሎሪ የምንለው ይሄው ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይዞት ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። በጥቂቱ ግን አልሰር ያመጣል፤ በ1994 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል።

በምርጊቱ ምሳሌ ከሄድን ባክቴሪያው ምስጥ ነው። ምርጊቱ ሥር ገብቶ ይኖራል። ምስጥ የገባበትን ቤት ላዩን ዘይት ብትቀቡት ምስጡ ምን ይሆናል? ምንም። ምስጡን የሚገድለው በሐኪም የሚታዘዘው የአንቲባዮቲክ ቅንጅት ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ስናቋርጠው የቀረው ምስጥ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። መረረን ብሎ ከማቆም ሐኪሙን «መረረኝ» ማለት ይሻላል።

አሁን ስለ ቡናና በርበሬ፣ ቃል ገብቼ ነበር። በርበሬ አልሰር አያመጣም። ቡናም አያመጣም። ቁስሉ ካለ ግን ሊያቃጥላችሁ ይችላል፤ የሚያቃጥላችሁን ቀንሱ፣ የማያቃጥላችሁን ብሉ። ሲጋራ ግን ለአልሰር ያጋልጣል፤ ቁስሉ እንዳይድንም ያደርጋል።

ስለ ተልባም እጠየቃለሁ። ተልባ ውስጥ በእርግጥ ኦሜጋ 3 አለ፤ ሰውነታችን ግን ዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ማላገ ደግሞ ጉሮሮና ሆድ ያለሰልሳል፤ ለዚህ ነው እናቶቻችን የሚወዱት። ጠጡት። ግን ተልባም አብሽም ማርም የዓሣ ዘይትም አንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ፦ ምስጡን ይገድላል ወይ? ዲክሎውን ያስቆማል ወይ? ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይሉ የለ።

ጾም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እማዬ ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣውን ክኒን በራሷ ጊዜ አቆመች፤ ዓሣ ነው ብላ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአዋቂዎቹ ልተወውና፣ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። የክኒኑ ልስልስ ሽፋን ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው፤ ጀላቲን የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው፤ ከዓሣ የተሠራም አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጽሑፉን ቢያነብ ጥሩ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ለጾም ብላችሁ አታቋርጡ። የእማዬ ንስሐ አባት «ያዘዘሽን ሳትቆርጪ ውሰጂ» ብለዋታል። እንደ ኦሜፕራዞል ያለው ከምግብ በፊት የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

እንግዲህ ለእናቶቻችሁ ስትሉ እነዚህን ያዙልኝ።

1. ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማቸው ከሆነ ምን እንደሚወስዱ ጠይቁ። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አትበሉ፤ «ለጉልበትሽ ምን ታደርጊያለሽ? መርፌ ትወጊያለሽ?» በሉ። ዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ዲክሎ ይበልጥ ያደማል። ከፕሬድኒሶሎን ወይም ከዴክሳሜታዞን ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ደግሞ ይብሳል። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ነው። የግድ ዲክሎ ካስፈለገ አብሮ ጨጓራ የሚጠብቅ መድኃኒት ሐኪም ያዛል።

2. ባክቴሪያ ተገኝቶ ከታከሙ፣ መጥፋቱ ይረጋገጥ። በደም የሚደረገው ምርመራ ከዳኑም በኋላ «አለ» ሊል ስለሚችል አይበቃም። በሰገራ ወይም በትንፋሽ የሚደረገው ይሻላል፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይቶ።

3. ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስታወኩ፣ ድንገት ሆድ ውጥር አድርጎ ከያዘ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ምግብ አልዋጥ ካለ፣ ነገ አይባልም። (የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም ሐኪም ይለየው።) ይህን ለእናቶቻችሁ አሁን፣ ደህና ሳሉ ንገሯቸው። ሲያማቸው ያፍራሉ።

4. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የዓሣ ዘይት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

5. ዓሣ ከወደዳችሁ ዓሣ ብሉ። ቆሮሶውም አምባዛውም ጥሩ ምግብ ነው፤ ኦሜጋ 3 ግን ሰርዲን ውስጥ በርከት ይላል።

በመጨረሻም፣ በሰው አገር ሆናችሁ ለእናቶቻችሁ የምትልኩ ልጆቼ፤ አዎ፣ ልጆቼ ልበላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁን 9ኛ ክፍል አስተምሬያችኋለሁ። የዓሣ ዘይቱን መላክ ከፈለጋችሁ ላኩ። ግን ቮይስ ስትልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «እማዬ፣ ይሄ እንደ ምግብ ነው፤ ሐኪም የሰጠሽን እንዳትተዪ።» ያቺ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ከብልቃጡ ይበልጣል። ለመላክም ኪሎ አትቆጠርባችሁም።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ጠቃሚ ከመሰላችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ እናቱን «ጨጓራ አለባት» ለሚል ሰው።

መልካም ሰንበት።